ከወንድሜ ጋር ያጋባኝ ባንክ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልኬን እንደማታነሳ ስለማውቅ ነው በድልድይ ሥራው ካምፕ አድራሻ የምጽፍልህ። እንደ ደህና ሰው በጤናህ ልጀምር ነበር፤ ግን ሆዴ ስለሞላ በቀጥታ ልንገርህ። ባንኩ አጋብቶናል። አዎ፣ እኔንና አንተን!

የእማን ቤት ለማስጨረስ የተበደርን ዕለት ትዝ ይልሃል? ማኅደሩን ማን ይያዝ ብለን ስንጨቃጨቅ የብድር ሠራተኛው «ባልና ሚስት ናችሁ እንዴ?» ቢል፣ አንተ ቀልደኛው «ምን ላድርግ ብለህ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ተሸክሜያታለሁ» አልከው። እማ «ተው አንተ ልጅ!» እያለች አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሰውየው ግን አልሳቀም፤ ጻፈው። እኛም ሳናነብ ፈረምን።

የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ተዘግቷል። ወርሃዊው ክፍያ ከብዶኛል፤ የመክፈያ ጊዜውን ካላራዘሙልኝ ቤቱ ለሐራጅ ይወጣል። ይህንኑ ልለምን ስደውል፣ አንድን ይጫኑ፣ ሦስትን ይጫኑ፣ ከዚያ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃውን ስሰማ ድስት አሳርሬያለሁ። ሰው የተገኘ እንደሆነም ነገሬን ከሀ እጀምራለሁ፤ «ለሚመለከተው ላስተላልፍዎት» ትለኛለች። የሚመለከተው ደግሞ «ቅድም ያነጋገረችዎት ማን ናት?» ብሎ መልሶ ይልከኛል። ሲመረኝ በእግሬ ሄድኩ።

«ባለቤትዎ አብረው ካልፈረሙ አይራዘምም» አለችኝ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ።

«ባል የለኝም። እሱ ወንድሜ ነው።»

«ሲስተሙ ባል ነው የሚለው።»

«ሲስተሙ እናታችንን ያውቃታል እንዴ?»

«እንዲስተካከል ከፈለጉ የፍቺ ወረቀት ያምጡ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከኋላዬ የተሰለፉትም ሳቁ። «ሰማህ?» ልልህ ዞር ስል አጠገቤ የለህም። ያኔ ሳቁ እንባ ሆነብኝ። ከእማ ቀብር ማግስት፣ አንተ «ቤቱን እንሽጠው» እኔ «ሞቼ ነው ቆሜ!» ብለን ከተኳረፍን ወዲህ አብረን አልሳቅንም። ናፍቀኸኛል።

ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቀላል መንገድ አለ» አለችኝ። ባለቤቴ ጥሎኝ እንደጠፋ፣ የት እንዳለም እንደማላውቅ ጽፌ ብፈርም ጊዜው ይራዘማል፤ ቤቱም በእኔ ስም ብቻ ይዞራል። ወረቀቱን አቀረበችልኝ። አልዋሽህም፣ አማረኝ። ለመሸጥ የቸኮለ ሰው የእጁን ያግኝ አልኩ በልቤ።

ግን «ጥሎኝ ጠፍቷል» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አባባ ሲሞት ትምህርትህን ትተህ ብየዳ የገባኸው አንተ ነህ። የራስህ ጫማ ተቀዶ ለእኔ አዲስ የምትገዛው አንተ ነህ። ትኩሳት ሲይዘኝ የባሰብኝ እንደሆነ ብለህ በሩ ሥር የምትተኛውም አንተው። ታዲያ በየትኛው እጄ ነው እንደዚያ ብዬ የምፈርመው? ተኳረፍን እንጂ መች ተጣጣልን? ወረቀቱን መለስኩላት።

«የት እንዳለ አውቃለሁ» አልኳት።

«ይመጣሉ ታዲያ?»

«እጠይቀዋለሁ።»

እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሰውኛል። አሁንም ይሸጥ የምትል ከሆነ መጥተህ ፊት ለፊት በለኝ፤ እጮህብሃለሁ፣ ትጮህብኛለህ፣ ከዚያ ራት እንበላለን። ቤቱ የእማ ስለሆነ እሳሳለታለሁ፤ ላንተ ግን ይበልጥ እሳሳለሁ። ቤቱን አጥቼ አንተን ባገኝ ይሻለኛል። የክፍልህ ጣሪያ ስለሚያፈስ አልጋህን ወደ እኔ ክፍል አዛውሬዋለሁ፤ እኔ ሳሎን እተኛለሁ። እምቢ እንዳትል፣ አንሶላውን አንጥፌ ጨርሻለሁ።

ና ወንድምዓለም። ና እንፋታና ወንድምና እህት እንሁን።

እህትህ፣
ባንኩ ያለውን ይበል