ለአስካለ የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰኞ

እማዬ ዛሬም አስካለን ወደ ባሏ አልመልስም አለች። የፕሮዲውሰሩ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። «ተመልካች እርቅ ነው የሚፈልገው! ድግስ! እልልታ!» እማዬ ደግሞ «ሰውየው እኮ ይቅርታ አልጠየቃትም» ትላለች። መጨረሻ ላይ እንዲህ ተባለች፦ የመጨረሻው ክፍል ዓርብ ይድረስ። ካላማረን ቀጣዩን ምዕራፍ ሌላ ሰው ይጽፈዋል።

አስካለ የእውነት ሰው አይደለችም። እማዬ በምትጽፈው የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ያለች ሚስት ናት። ባሏ በረከት ለትምህርት የተመረጠችበትን ደብዳቤ ደብቆባት ዕድሉ አለፋት። አንድ ቀን ኮቱ ኪስ ውስጥ አገኘችውና ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። በረከትን የሚሠራው ተዋናይ በቀደም ጳውሎስ ሆስፒታል መድኃኒት ሊገዛ ተሰልፎ፣ አንዲት እናት «ሚስትህን ሳትክስ ራስ ምታት ቢይዝህ ምን ይገርማል?» አሉት አሉ። ምስኪን። ሰልፉን ትቶ ሄደ።

ማክሰኞ

በቃ፣ ጥፋት ሠራሁ።

ከትምህርት ቤት፣ ከዊንጌት ስመለስ ጋሽ ተሰማ የሰፈራችን ሱቅ በር ላይ ያዙኝ። የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው። «በአጭሩ» ብለው ከጀመሩ እስኪጨርሱ ቁመቴ ይጨምራል።

«እንግዲህ በአጭሩ፣ ልጅቱ ትመለሳለች ወይስ አትመለስም?»

ልቀልድባቸው ብዬ «አትመለስም ጋሼ፣ እማዬ ምላለች» አልኳቸው። መርዶ የተነገራቸው ነው የመሰሉት።

«በረከት እኮ የጨዋ ልጅ ነው! አባቱን አውቃቸዋለሁ!»

አባቱን የሚያውቋቸው ከክፍል ሁለት ነው። በክፍል አራት ሞተዋል።

ለእማዬ አልነገርኳትም። መጨረሻውን ለሰው መናገር ክልክል ነው፣ ውሏ ላይ ተጽፏል።

ረቡዕ

መጻፍ እምቢ ሲላት እማዬ ቁም ሳጥን ታጸዳለች። ዛሬ ቁም ሳጥኑ ያበራል።

ቀጥሎ አንዴ አስካለን አንዴ በረከትን ሆና በሁለት ድምፅ ከራሷ ጋር ትጣላለች። እሱም ካልሠራ ታክሲ ተሳፍራ ቁስቋም ደርሳ ትመለሳለች፣ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን ሰክታ፣ ምንም ሳትከፍትበት! ሰው ዘፈን የምትሰማ እየመሰለው ጉዱን ሁሉ አጠገቧ ይዘረግፋል። «ይሄ ስርቆት አይደለም?» ብላት «የሰው አነጋገር እወስዳለሁ፣ የሰው ምስጢር ግን ሳላስፈቅድ አልነካም» አለችኝ። ጥሩ መልስ ነው። አናደደኝ።

ዛሬ ግን ከታክሲም ባዶዋን መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና «ምናልባት እነሱ ልክ ናቸው፣ ልመልሳትና ልገላገል» አለች። ደግሞ «አንዴ ውሸት ጽፌ ከወደዱልኝ ግን ሁሌ እሱኑ ነው የሚጠይቁኝ።»

እንደዚህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ጫማዋን እኔ አወለቅኩላት።

ሐሙስ

ከትምህርት ቤት ስገባ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎናችን ውስጥ ቆመዋል። ጋሽ ተሰማ፣ የእድሩ ጸሐፊና ጎረቤታችን አባባ ደምሴ። ጋቢያቸውን ለብሰው! እማዬ ደግሞ «ልጄ ገና አሥራ ስድስቷ ነው!» እያለች ነው። ለካ እኔን ሊያጩ የመጡ መስሏታል።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ ጋሽ ተሰማ። (ያን ያህል መደንገጥ ምን አመጣው?) «እኛ የመጣነው ለአስካለ ነው። ልጅቱን ወደ ቤቷ መልሺልን። እሺ ሳትይን አንቀመጥም።»

ጉልበታቸው የቆየው አራት ደቂቃ ነው። ወንበሩን የሳብኩላቸው እኔ ነኝ።

እማዬ አየችኝ። ማን እንዳወራ ገባት። የሚጠብቀኝን አውቄዋለሁ። ግን ደብተሯን ስባ ተቀመጠችና እንደ እውነተኛ እርቅ ትጠይቃቸው ጀመር።

«እሺ፣ በረከት ምን ይላል?»

«ተጸጽቷል» አሉ ጋሽ ተሰማ።

«በምን አወቃችሁ?»

«ከስቷላ!» (ተዋናዩ ጾም ይዞ ነው።)

«ይቅርታ ጠይቋታል?»

«እኛ መጣን አይደል እንዴ!» አሉ ጸሐፊው።

ይሄኔ እስካሁን ከዘራቸውን ሲያዩ የነበሩት አባባ ደምሴ ተናገሩ።

«እኔም ሚስቴን ሽማግሌ ልኬ ነው ያስመለስኩ። ሽማግሌ አክብራ ተመለሰች። እኔ አፌን አልከፈትኩም። ታርቀናል ብዬ። እስክትሞት አብረን ኖርን። ዱሮ ‹ደሜ› ነበር የምትለኝ። ከዚያ ወዲያ ‹ሰውዬው› ሆንኩ።»

ጋሽ ተሰማ እንኳ «በአጭሩ» አላሉም።

«ልጅቱን ተያት፣ የኔ ልጅ» አሏት አባባ ደምሴ እማዬን። «እሱን ላኪው። ብቻውን። እኛን ሳያስከትል።»

እማዬ እስክሪብቶዋን አነሣች፣ ግን አልጻፈችም። «ይሄን ልጠቀምበት አባባ?» አለች። «ስሜን አታንሺ እንጂ ጻፊው» አሏት።

ዓርብ

ጨረሰች! በረከት ብቻውን ሄዶ በሯን ያንኳኳል። ሽማግሌ የለ፣ አበባ የለ። «ተምረሽ ስትመጪ የማንስብሽ መስሎኝ ነው የደበቅኩት» ይላታል። አስካለ በሩን ገርበብ አድርጋ ታየዋለች፣ ታየዋለች፣ ከዚያ «ነገ ና» ትለዋለች። አለቀ።

ፕሮዲውሰሩ ከሰዓት ደወለ። «ነገ ና ማለት ምን ማለት ነው? ይገባል አይገባም?»

«እሱማ ነገ ነው የሚታወቀው» አለች እማዬ።

«ባለቤቴ አንብባ አለቀሰች» አለ፣ የተከሰሰ ይመስል። «እንቀርጸዋለን። ስለ ቀጣዩ ምዕራፍ ግን ሰኞ ነይና እንነጋገር።» ደስታ ይሁን ስንብት ከድምፁ አይለይም።

እኔም ምስጢር ማውጣቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። በገዛ አፌ፣ ሽማግሌ ሳልልክ።

«ነገ ነይ» አለችኝ። የገዛ እናቴ!

ቅዳሜ

አባባ ደምሴ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ በራችን ላይ ቆሙ። «እህ፣ ምን ሆነ?»

«ክልክል ነው አባባ» አልኳቸው። አሳዘኑኝ። «ግን... ብቻውን ነው የሄደው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊሄዱ ከዞሩ በኋላ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ «ብርቄ ነበር ስሟ» አሉ።

ግድግዳ ተጋርተን ነው ያደግሁት። ሚስታቸው ለሁላችንም ግን «የደምሴ ባለቤት» ነበሩ። ስም እንዳላቸው እንኳ አስቤ አላውቅም። እኔ፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይዋ።

ለእማዬ ስነግራት አዲስ ደብተር አወጣች። ሰኞ ሥራ ይኑራት አይኑራት ሳታውቅ! የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ብርቄ» ብላ ልትጽፍ ጀምራ ተወችው። «መጀመሪያ ላስፈቅድ» ብላ ነጠላዋን ደርባ ወጣች።

በመስኮት እያየኋት ነው። የአባባ ደምሴን በር አንኳኩታ ቆማለች።

ተከፈተ። ገባች።