አፍህን ሳትሸፍን የሳቅህበት ፎቶ

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን፤ ጥርሳችንም የድሮው ነው።

ከሥራ አገርህ የላክኸው ፎቶ ደረሰን። የፊት ጥርሶችህን አስተክለሃል፤ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ አስተክል ብዬ ስለምንህ «ለሽማግሌ ጥርስ ምን ይሠራለታል» ትለኝ አልነበር? ከእኔ ጋር ስትስቅ አፍህን በእጅህ ነበር የምትሸፍነው።

ክሊኒክ የምትሠራው እህቴ የተተከለ ጥርስ ዙሪያው በየማታው ካልጸዳ ድዱ ይቆስላል፣ ውሎ አድሮም ጥርሱ ይላቀቃል ትላለች። አንተ ደግሞ ካልተጨቀጨቅህ አትቦርሽም። ማን እየጨቀጨቀህ ነው?

ልጅህ ፈተናዋን አልፋለች። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል።

ሥጋውን ዛሬም አንተ እንድትችለው አድርጌ አድቅቄ ከተፍኩት። ልጅህ «ለማን ነው?» አለችኝ።

የምትመጣበትን ቀን ጻፍልኝ፣ በትልልቁ እቆርጠዋለሁ። ቢላውም ተስሏል።

ለአንተም ለጥርሶችህም ጤናውን ይስጥልኝ።

የልጅህ እናት