ባዶ ጠርሙሶቼና የእማዬ ፋሲካ

እሑድ፣ ማርች 8
ዛሬም አንድ የወይራ ብልቃጥ አጠብኩ። ወረቀቱ አልለቅም ብሎ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ ቀባሁት... ለቀቀ። ናና ቆርጬ ውኃ ውስጥ ሰካሁበት። መስኮቱ ላይ ያምራል። ይርሳው ሥራ ሊወጣ ሲል አይቶ፣ ደግሞ ሌላ? አለ። ባል ምን ያውቃል።

ሐሙስ፣ ማርች 12
እማዬን ክፋር ዮና ካለው ቤቷ አመጣናት። ለፋሲካ በዓል እንድትሰነብት ነው የተባለው። እኔ ግን የምፈልገው ጨርሳ እዚሁ ዐጋሚም ሰፈር እኛ ቤት እንድትቀር ነው። የእሷ ቤት ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለው፣ ጉልበቷ እንደዚያ ሆኖ እስከ መቼ ብቻዋን? ክፍሏን አሳየኋት። "እንግዳ ነኝ እኮ ልጄ፤ በዓሉ ሲያልፍ ትመልሱኛላችሁ" አለች። ተናደድኩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 17
የገበያው ሻጭ አፋቸው የተሸረፈ የሻይ ብርጭቆዎች በነፃ ሰጠኝ። ከባሕሩ ዳር ያመጣሁትን አሸዋ ጨምሬ ሻማ አቆምኩባቸው። ልጄ ሞሪያ በዕብራይስጧ፣ "ኢማ፣ ዜ ማማሽ ያፌ"፣ እውነትም ያምራል ብላ ፎቶ አነሳች። ትልቁን ብልቃጥ ደግሞ ትንንሽ አምፖሎች ሞልታ የሳሎን መብራት አደረገችው። እማዬ ሁሉን ታያለች። እህል ነክቷቸዋል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። ዱቄትም፣ ፓስታም፣ እርሾም የያዙ አሉ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ምን ማለቷ ነው?

ዓርብ፣ ማርች 20
ዝናብ። እማዬ አሁንም ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው።

እሑድ፣ ማርች 29
ከሥራ ስመለስ መደርደሪያው ባዶ! እማዬ ሚርፔሴቱ፣ በረንዳው ላይ ናት። ጠርሙሶቼን፣ ብርጭቆዎቼን፣ የሞሪያን መብራት ሳይቀር በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ በዘነዘና አድቅቃቸዋለች። ናናዬን ግን አልጨከነችበትም፤ የእርጎ ፕላስቲክ ውስጥ አዛውራዋለች። ሞሪያ በሳቅ ሞተች። እኔን አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

ብርጭቆ እኮ ታጥቦ ለፔሳሕ፣ ለፋሲካ ይሆናል፣ የምኩራባችን ራቢ ራሱ ብሏል አልኳት። እሱ የራቢው ነው አለችኝ። ጎንደር እያሉ የእኛ የቤተ እስራኤል ሴቶች እርሾ የነካውን ሸክላ ሁሉ ሰባብረው፣ በአዲስ ዕቃ ነበር ፋሲካን የሚቀበሉት። ስትነግረኝ ነው ያደግሁት። ግን የኔን?

"እማዬ፣ ቢያንስ አትጠይቂኝም?"

"ምን እጠይቃለሁ? እኔ የሰው ቤት ዕቃ ሰብሬ አላውቅም።"

መጥረጊያ አመጣሁ። እውነቷን ነው... ስትሰብር የኖረችው የራሷን ቤት ዕቃ ነው። ታዲያ ይኼኛው ቤት የማን ሆነ? ደግሜ ልጠይቃት ፈራሁ፤ ሐሳቧን እንዳትለውጥ። ስብርባሪውን አብረን ጠረግን።

ማክሰኞ፣ ማርች 31
ይርሳው የእማዬን አልጋ ከክፋር ዮና ጭኖ መጣ። ራሷ ናት ያዘዘችው። እኔ ሳልነቃ ወጥ ቤት ገብታ ቁም ሣጥኑን እንዳለ ገልብጣዋለች። ድስቶቹ ታች፣ ሳህኖቹ ላይ። ያለቀ የማር ብልቃጥ ደግሞ አጥባ በርበሬዋን ሞልታበታለች! እኔ ባደርገው ምን ትለኝ ነበር... ወጥ ልሠራ ስገባ ጨው አጣሁ። በገዛ ወጥ ቤቴ! "እማዬ፣ ጨው የት ነው?" ብዬ ተጣራሁ። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ጨው ፈልጌ አላውቅም።