ዝም አለች ስለተባለችው ሱንዱስ

ለተከበሩ ዶክተር አለበል፣
የስደተኛ ቤተሰብ ወጣቶች ዕድገት ተመራማሪ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከረሙ እያልሁ፣ የጣና ነፋስ ለደረትዎ፣ የቢሮዎ ወንበርም ለወገብዎ ይስማማዎ ዘንድ እመኛለሁ። እኔ የሰፈር ወሬ እየለቃቀምሁ በዚህ መጽሔት የምጽፍ ሰው ነኝና፣ ሹም አቦ ሰፈር ወይዘሮ ራሂማ ቤት መምጣትዎን የሰማሁት ጫማዎን አውልቀው ሳይጨርሱ ነው። ካርቱም ተወልዳ ጦርነቱ በመተማ በኩል ያመጣትን የአሥራ አምስት ዓመቷን ልጃቸውን ሱንዱስን፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ስላጠኑልን ምስጋናችን ወደር የለውም። ቅሬታዬ ጥቂት ነው፤ እንዳይሰለችዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. በሪፖርትዎ «ልጅቷ ስለራሷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ አማርኛ የመናገር ችግር አለባት» ብለዋል። ስለራሷ አለመናገሯ እውነት ነው፤ ጊዜ አልነበራትም። እናቷ ከዓረብኛ በቀር ስለማይሰሙ፣ የእርስዎን ጥያቄ ለእናቷ፣ የእናቷን መልስ ለእርስዎ ስታደርስ የዋለችው እሷው ነበረች። ያ ሁሉ «እናት እንዳሉት» እያሉ የጻፉት አማርኛ ከማን አፍ የወጣ መስሎዎት ነበር?

፪. «አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች» ማለትዎንም አይቻለሁ። አባቷ ወረታ ለንግድ በሄዱበት ቀን በመጣ እንግዳ ላይ ዓይኗን ብታፈጥ ኖሮ ደግሞ ምን ሊጽፉ ኖሯል? ጎረቤቷ እትዬ አገርነሽማ «የእኔዋን ልጅ ሔራን ኬሚስትሪ በአማርኛ የምታስረዳት ማን ሆነችና ነው? ሰውየው ሻዩን ሲጠጣ ጆሮውን የት አኑሮት ነበር?» ብለዋል። ቃሉ የእሳቸው ነው፤ እኔ ጨዋ ሰው ነኝ።

፫. ይኼኛው አያስቅም። ሪፖርትዎን ለትምህርት ቤቷ ላኩ፤ ትምህርት ቤቱም አመነዎ፣ ዶክተር አይደሉ! ሱንዱስን ከዘጠነኛ ክፍል አውጥቶ፣ አማርኛ ትልመድ ብሎ ከሦስተኛ ክፍል ሕፃናት ጋር አስቀምጧታል፤ ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አይገባም። የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። እስከዚያ «ተሳስቻለሁ» የምትል አንድ መስመር ከእጅዎ ካልደረሰች፣ ዓመቱ አመለጣት ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ተደውሎልዎ፣ ጸሐፊዎ «መረጃ በመተንተን ላይ ናቸው» ብለውናል። ያበርታዎ።

የወጣቶቻችንን ዕድገት ለማጥናት ሲሉ ዕድገታቸውን ባለበት ስላቆሙልን ደግሜ ደጋግሜ እያመሰገንሁ፣ ብዕርዎ እንደፈጠነ ሁሉ ጆሮዎም ይከተለው ዘንድ የምመኝልዎ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከግሽ አባይ ሰፈር፣ ወሬ የማያልፋት ጎረቤትዎ

እንዳይረሳ፦ ማክሰኞ ዕለት ትምህርት ቤቱ ልጃቸው አማርኛ እንደማትችል ሊያስረዳቸው ወይዘሮ ራሂማን ጠራቸው። በግቢው ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ሱንዱስ ከሕፃናቱ መሐል ተጠርታ፣ እጇን አጣምራ ቆማ፣ እርስዎ የጻፉባትን አንድም ቃል ሳትዘል ለእናቷ ተረጎመችላቸው። ርዕሰ መምህሩ ስለ ጥሩ ትርጉሟ አመስግነው፣ ወደ ሦስተኛ ክፍል መልሰዋታል።