ማርሹ የወጣበት ቁልቁለት

ጥቅምት 4 ቀን 1996

ዝናብ። ያጠብኩት ልብስ አልደረቀም።

ለማንም ያልነገርኩትን ዛሬ ልጻፍ። በ1987 ከሊሙ ገነት ቡና ጭነን ወደ ጅማ ስንወርድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ያጓራ ነበር። "ገብረሥላሴ፣ ራሴን አመመኝ። ዝም አሰኘው" አልኩት። ባሌ ሳቀ። "ላንቺ ስል እንግዲህ" ብሎ ማርሹን አወጣው። ጸጥ አለ... ደስ አለኝ። ጥቂት እንደሄድን ፍሬኑ አልይዝ አለ። እሱ ሞተ፣ እኔ ተረፍኩ።

ለፖሊስ ምን አልኩ? "ፍሬኑ እምቢ አለ።" ሌላ አልጨመርኩም። ከአደጋው አንድ ቀን በፊት ፍሬኑን የሠራው መካኒክ አብዱልሰመድ ሁለት ዓመት ታሰረ።

ጥቅምት 9

ከሂርማታ ገበያ የገዛሁትን የሾፌሮች መጽሐፍ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩ። በሥዕሉ ላይ ጣቴን አስኬድኩ። ሞተር፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሹ ያለበት ካምቢዮ፣ ረጅሙ ዘንግ፣ ዲፈረንሻል፣ ጎማ። ጉልበቱ እንዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ቁልቁለት ላይስ? እሱን አይልም። ማንን ልጠይቅ? የማውቀው መካኒክ አንድ ብቻ...

ጥቅምት 13

መጽሐፉን ይዤ በቾ ቦሬ፣ አብዱልሰመድ ቤት ሄድኩ። ከታሰረ ወዲህ መኪናውን የሚሰጠው የለም። ደጁ ላይ ተቀምጦ የብስክሌት ጎማ ይለጥፋል።

"አካም ጂርቱ፣ እትዬ ፋንቱ! መንጃ ፈቃድ ሊያወጡ ነው? ያ ረቢ፣ ጅማ ወዮላት!"

ጥያቄዬን ሲሰማ ፊቱ በራ። "ሽቅብ ሞተሩ ጎማውን ያዞራል። ቁልቁል ጎማው ሞተሩን ሊያዞር ይታገላል፤ ሞተሩ አልዞርም እያለ መኪናውን ይይዘዋል። ጩኸቱ እሱ ነው።"

"ማርሹ ከወጣስ?"

"ሞተርና ጎማ ተለያዩ። ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ። ይግላል። ከጋለ አዲስም ቢሆን አይዝም።"

የያዘውን ጎማ አስቀመጠ። ከዚያ... "ገብረሥላሴ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሾፌር አልነበረም። ስለዚህ ጥፋቱ የእጄ ነው። የቱ ጋ እንደሆነ ብቻ አላህ ቢነግረኝ።"

አፌን ከፈትኩ። "ሻይ ይጠጡ" አለኝ። ጠጥቼ መጣሁ።

ጥቅምት 14

እውነቱን ልነግረው አስቤ አልሄድኩም።

ኅዳር 2

ልነግረው ሄድኩ። ቤቱ ዝግ። ጎረቤቱ ሐጂራ፣ "ታሞ ልጁ ሸቤ ወሰደችው" አለችኝ።

ኅዳር 6

ሸቤ። ልጁ ለጢፋ በሩን ከፈተች። ከትናንት ወዲያ ቀብረውታል።

"እስከ መጨረሻው አልጋው ላይ ሆኖ ያንን የገብረሥላሴን መኪና ፍሬን በባዶ እጁ ይፈታ፣ ያስር ነበር። እኔም የነፍሰ ገዳይ ልጅ እየተባልኩ ነው ያደግሁት።"

የገብረሥላሴ ሚስት መሆኔን ነገርኳት። አቀፈችኝ። "ይቅር ሊሉት ነው የመጡት?"

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ኅዳር 7

እንደገና ዋሸሁ። ያውም አቅፋኝ። አንደበቴ ከእንግዲህ አይረባም። እሱ አይሰማኝም... ምን ይጠቅማል? እሷ ግን ትወቅ። ትርገመኝ።

ከጥቅምት 4 ጀምሮ የጻፍኳቸውን እነዚህን ገጾች ከደብተሩ ገነጠልኳቸው። ፖስታው ላይ ጻፍኩ፦ ለለጢፋ አብዱልሰመድ፣ ሸቤ።