አውሮፕላኑ እስኪያልፍ፦ የአቶ ጉዲና ዋቅጅራ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጉዲና ዋቅጅራ ከአባታቸው ከአቶ ዋቅጅራ ሞሲሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲንሴ ኢረና፣ በወለጋ በነቀምት አቅራቢያ በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን የመዘገበ የለም፤ እናታቸው "እህል ሲሰበሰብ ነው" ብቻ ይሉ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ድምፃቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ትልቅ ስለነበር አባታቸው "ይህ ልጅ ከብት ሊጠራ እንጂ ሊያንሾካሹክ አልተፈጠረም" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1947 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ ዘጠኝ ዓመታት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የዕቃ መጋዘን አገልግለዋል። ሥራቸው በየዕቃው ላይ የተለጠፈውን ስምና አድራሻ ለመዝጋቢው ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር። ሞተር በሚያጓራበት ሲጮሁ ስለሚውሉ ድምፃቸው እዚያው ከፍታ ላይ ቀረ፤ ማዕድ ላይ "ጨው አቀብሉኝ" ሲሉ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ከወይዘሮ ፀሐይነሽ ጋር ትዳር መሥርተው ኢዩኤልንና ማራናታን ወልደዋል። ወይዘሮ ፀሐይነሽ በ1983 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ አቶ ጉዲና በዓመቱ ጡረታ ወጥተው ጎሮ የሠሯት ቤት ገቡ። ያኔ ጎሮ ማሳው ገና አላለቀም ነበር። ታናሽ እህታቸው ገንዘቤ፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ልታግዛቸው አብራ ገባች። ያ ሁሉ ድምፅ የነበራቸው ሰው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ይውሉ ጀመር። እህታቸው፣ ለምን ይዋሻል፣ ሐዘኑ ይዟቸው ይሄዳል ብላ ፈርታ ነበር።

ከዚህ ያወጧቸው ጎረቤታቸው ሐጂ አብዱልሐሚድ ናቸው። ሐጂ የወሎ ሰው ሲሆኑ በአሰብ መንገድ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው፣ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ። በ1985 ዓ.ም. አንድ ቀን ልጃቸው ፈትያ ከደሴ የላከችውን ደብዳቤ እንዲያነቡላቸው ለአቶ ጉዲና ሰጧቸው። አቶ ጉዲናም እንደ መጋዘኑ ልማድ አነበቡት። ፈትያ አባቷ ያሰቡላትን ባል እንደማትፈልግ፣ የመረጠችው ሌላ እንዳለ የጻፈችውን ሁሉ መንደሩ በሙሉ ሰማው። ጉድ ነው! አቶ ጉዲና በሐፍረት ሊሞቱ ደረሱ። ሐጂ ግን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና "በል እንግዲህ ጉዲና፣ ከዛሬ ጀምሮ ምስጢር የሌለበትን ነገር አንብብልኝ" አሏቸው።

አቶ ጉዲና ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ ገዝተው መጡ። ርዕሱን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ታሪኩ በቅሎዎቹን እየነዳ በረሃ ስለሚያቋርጥ አንድ የጨው ነጋዴ ነው። በየቀኑ ሐጂ የዐስር ሶላታቸውን ሰግደው ሲጨርሱ በረንዳው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሦስት ገጽ ሳይሞሉ ሐጂ "ቆይ፣ እዚያማ ውሃ የለም፤ ጸሐፊው አልሄደበትም!" እያሉ ስለሚያቆሟቸው መጽሐፉ አልቆ አያውቅም፤ ወደ ኋላም ተመልሰው የወደዱትን ይደግሙ ነበር። ወደፊት ገልጦ ማየት ግን በሁለቱ ስምምነት ክልክል ነበር።

ቤቱ አውሮፕላን በሚወርድበት መስመር ሥር ነው። አውሮፕላን ሲመጣ አቶ ጉዲና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኑረው ዝም ይላሉ፤ ሐጂም ይጠብቃሉ። ድምፁ ሲርቅ ንባቡ ከቆመበት ቃል ይቀጥላል። በዚያች ዝምታ ጀምበር በማሳው ላይ ቢጫ ሆና ስትተኛ፣ በቅሎዎቹ በአጥሩ በኩል የሚያልፉ፣ ግቢውም የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። እህታቸው መጀመሪያ "ጣሪያው እያፈሰሰ እርስዎ የሰው በቅሎ ይነዳሉ" ብላ ተቆጥታለች። ኋላ ግን ሽንኩርቷን ይዛ በረንዳው ሥር መቀመጥ ጀመረች፤ ስንት ቀን ወጡን አሳርራለች።

በጥር 1991 ዓ.ም. አቶ ጉዲናን የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሕመሙ አስቀድሞ የወሰደው ድምፃቸውን ነበር። ከመጽሐፉ ሠላሳ አንድ ገጽ ቀርቶ ነበር። ከሥቃያቸው ይልቅ ይህ አንገበገባቸው፤ "ሰውዬውን በረሃ ላይ ጥዬው ልሂድ?" እያሉ በሹክሹክታ ይጠይቁ ነበር። እህታቸው እኔ ላንብብ ብትልም ሐጂ አልተቀበሉም። "ገንዘቤ፣ አላህ ይስጥሽ፤ ግን ሾፌር ረዳቱን መንገድ ላይ ጥሎ አይነዳም" አሏት።

ከዚያ ሐጂ በልጅ ልጃቸው በሀጀር እየተመሩ በየቀኑ አልጋው ዘንድ ይመጡ ጀመር። በልጅነታቸው ቁርኣንን በጆሮ ሰምተው የያዙ ሰው ናቸው፤ መጽሐፉንም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በቃላቸው አሰሙ። ስድስት ዓመት የሰሙትን ምዕራፍ ሳያስቀሩ ለአንባቢያቸው ይመልሱ ነበር። ቃል ሲስቱ አቶ ጉዲና በጣታቸው የሐጂን እጅ መታ ያደርጉ ነበር።

ግንቦት 14 ቀን 1991 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሐጂ በማሰማት ላይ ሳሉ አውሮፕላን መጣ። እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። ድምፁ ሲርቅ ከቆሙበት ቃል ቀጠሉ። እህታቸው ወንድሟ በዚያች ዝምታ ውስጥ እንዳረፉ አየች፤ ሐጂን ለማቋረጥ ግን አንጀቷ አልቻለም። ሐጂ ምዕራፉን ጨረሱ። ከዚያ የአቶ ጉዲናን እጅ ዳስሰው "ዛሬስ አንድም አላረመኝም" አሉና አለቀሱ።

አቶ ጉዲና በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ሲያርፉ፣ ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት እህትና አንድ ወዳጅ ትተዋል። የቀረውን ሠላሳ አንድ ገጽ እህታቸው ታነባለች። ሐጂ አሁን ፈቅደዋል፤ የጠየቁት አውሮፕላን ሲያልፍ ዝም እንድትል ብቻ ነው።

የፈጠራቸው ጌታ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበል፤ ለልጆቻቸውና ለወዳጃቸው ብርታት ይስጥ። ጋሼ፣ እርስዎ አይጨነቁ፤ ሰውዬውን ከበረሃ እናወጣዋለን።