ማንም የማይኖርባቸው ኩቦች

ለተከበሩ የጥራት ቁጥጥር መምሪያ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና በቅርቡ ለተቀየረልዎት የቢሮ ወንበር መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ የቤተ ሙከራው መሐንዲስ ከድካም በስተቀር ደህና ነኝ።

ስታቲስቲክስ ለምህንድስና ሥራ እንዴት እንደሚውል እንድማር መርጠው ስለላኩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በዚህ ዕድሜዬ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ስለ አማካይና ስለ ናሙና አወሳሰድ ስማር ዓይኔ ቢደክምም ልቤ ሞቆ ነበር። የተማርኩት ይሠራበታል ብዬ ማመኔ የራሴ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ አላላክክም። ቅሬታዎቼም ጥቂት ናቸው።

1ኛ፦ መምህራችን ናሙና ሳይመረጥ፣ ዕጣ እንደሚወጣ ሁሉ መወሰድ እንዳለበት ነግረውን ነበር። እኛ ዘንድ ግን ለሙከራ የሚላኩትን የኮንክሪት ኩቦች የሚሞላው እጁ የተመሰከረለት ግንበኛ ነው፤ ሲሚንቶ ይጨመርላቸዋል፣ ውሃ ይመጠንላቸዋል፣ እንደ አራስ ልጅ ተሸፋፍነው ይቀመጣሉ። ፎርማኑ «ሙሽሮቹ» ይላቸዋል። ለሕንፃው የሚፈሰው ኮንክሪት ግን ይህን ሁሉ እንክብካቤ በዓይኑም አላየውም። ኩቦቹ ጠንካራ መሆናቸውን አልክድም፤ ችግሩ በኩብ ውስጥ የሚኖር ሰው አለመኖሩ ነው።

2ኛ፦ ስለዚህ ለሦስተኛው ፎቅ ምሰሶዎች ከመጣው ኮንክሪት፣ ፎርማኑን ሳላማክር፣ ናሙና በዕጣ ወሰድኩ። ግማሾቹ ከሚፈለገው ጥንካሬ በታች ሆኑ። እርስዎም ሪፖርቴን በትዕግሥት አንብበው ደካሞቹን «አፈንጋጭ» በማለት ሰረዙና ከቀሩት አማካይ አወጡ። አማካዩ በእውነት ያማረ ነበር። ግማሹ ካፈነገጠ ግን ማን ከማን እንዳፈነገጠ እስካሁን አልገባኝም፤ ምናልባት ያ ትምህርት የተሰጠው እኔ በቀረሁበት ቀን ይሆናል።

3ኛ፦ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። ጸጥታው ተስማምቶኛል።

ይህን ሁሉ ውጬ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ታላቅ እህቴ በዚያው ፎቅ ቤት በዕጣ ደርሷታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሰው ቤት ስትንከራተት ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት፤ መጋረጃውን እንኳ ሰፍታ ጨርሳለች። ቤቱ ደህና መሆኑን በጠየቀችኝ ቁጥር ወሬ እቀይራለሁ። ፈርቻለሁ፤ ደክሞኛልም። ሰዎች ከመግባታቸው በፊት ምሰሶዎቹ እንደገና እንዲመረመሩ፣ ደብዳቤዎቼን ጆሮ ዳባ ልበስ ካሏቸው በኋላ አሁን በዚህ ግልጽ ደብዳቤ በአደባባይ እለምንዎታለሁ።

ጥላዎ ከላያችን እንዳይጎድል፣ ወንበርዎም ከምሰሶዎቻችን ይልቅ እንዲጸና እየተመኘሁ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞው የቤተ ሙከራ መሐንዲስ፣ የአሁኑ የብሎን ጠባቂ

ማስታወሻ፦ ለእርስዎም ከእህቴ ጎን ቤት ደርሶዎት እንደነበርና ሰሞኑን ድምፅዎን አጥፍተው በሌላ ሕንፃ እንደለወጡት ሰማሁ። ከአንድ ናሙና ተነሥቶ መደምደም ነውር መሆኑን ተምሬአለሁ፤ ይህኛው ግን በቅቶኛል። እህቴን ዕቃዋን እንዳትጭን ነግሬአታለሁ።